ቀዩ አፈር ሲለካ

ካፋ ውስጥ፣ ቦንጋ አጠገብ፣ አንድ የቡና ማጠቢያ ግቢ፤ ወሩ ጥር ነው። ዕድሜያቸውን በኤሌክትሪክ ሥራ ያሳለፉ አዛውንትና አንድ ጀማሪ ባለሙያ አራት የብረት ዘንግ ይዘው ቆመዋል።

— ጋሼ፣ ይህ አፈር ሲጨብጡት እጅ ላይ ይጣበቃል። አንድ ዘንግ ቀብረን የመፈልፈያውን ሞተር ግራውንድ ብናስር አይበቃም?

— በነሐሴ ብትመጣማ ሚስማር ይበቃል ትለኝ ነበር። ካፋ ዝናብ አያጣም፤ የሚያሳስተንም እሱ ነው። አሁን የላዩ እርጥበት ቀንሷል፣ ኤሌክትሪክ የማሳለፍ አቅሙም ወርዷል። በጥር ያለፈ ግራውንድ በነሐሴ አይወድቅም።

— በመልቲሜትር ልለካው?

— በሁለት ጫፍ ስትለካ በአብዛኛው የምታነበው ብረቱና አፈሩ የተነካኩበትን ቦታ ነው። ፍራንክ ዌነር የሚባል አሜሪካዊ በ1915 እ.ኤ.አ. መላውን አሳትሟል፦ አራቱን ዘንግ በአንድ መስመር እኩል አራርቀህ ትከል። የዳሮቹ ኤሌክትሪክ ይልካሉ፣ የመሃሎቹ ቮልቴጅ ይለካሉ። ርቀቱ 2 ሜትር ከሆነ ከ10 ሳንቲ ሜትር በላይ አታስገባ። ከውኃ ቧንቧውም ራቅ በል፤ ቁጥሩን ያዋሸዋል።

— መለኪያው 8 ኦም አለ።

— በ2፣ በ3.14፣ ከዚያ በርቀቱ አባዛው።

— 100 ገደማ።

— 100 ኦም ሜትር። በዚህ አፈር 2.4 ሜትር ርዝመት፣ 16 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አንድ ዘንግ 40 ኦም ያህል ይሰጥሃል። እኛ የምንፈልገው 5 ነው። ሞተሩ ገላው ላይ ኤሌክትሪክ ቢለቅ ቀድሞ የሚነካው በእርጥብ እግሩ የቆመ ሠራተኛ ነው።

— ስምንት ዘንግ እንቅበራ!

— ዘንጎች ሲቀራረቡ አንዱን አፈር ይሻማሉ። ቢያንስ በርዝመታቸው ልክ ይራራቁ፤ ያኔም ስምንት አይበቃም።

— ጨውና ከሰል ብንጨምርበትስ? ሁሉም ያደርገዋል።

— እኔም በወጣትነቴ አድርጌዋለሁ። ከዓመታት በኋላ ስቆፍር ዘንጉ እንደ እርሳስ ቀጥኖ አገኘሁት። ጨው ብረት ይበላል፤ የካፋ ዝናብ ደግሞ ጨውን አጥቦ ይወስዳል። ይልቅ የአራቱን መለኪያ ዘንጎች ርቀት 4 ሜትር አድርግ፤ ሲራራቁ ጠለቅ ያለውን አፈር ያሳዩናል።

ወጣቱ ዘንጎቹን ነቅሎ እንደገና ተከለ።

— 6 ኦም! ወረደ፣ ጋሼ። በጥልቀት እንቅበር።

— አባዝተኸዋል?

— በ2፣ በ3.14፣ በ4… 150።

— ወጣ እንጂ መች ወረደ! ከሥር ድንጋይ ሳይኖር አይቀርም። ወደ ጎን ነው የምንቀብረው።