ድሬዳዋ እስክንደርስ ልጆቹን ምን ላድርጋቸው?

ይድረስ ለምክር አምድ አዘጋጅ፦

የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ወንዱ ሰባት ዓመቱ ነው፣ ሴቷ አራት ልትሞላ ነው። ባለቤቴ የድሬዳዋ ልጅ ነው፤ እናቱ እዚያው ናቸው። ባለፈው ክረምት በራሳችን መኪና ልንጠይቃቸው ሄደን መንገዱ መከራ ሆነብን። ገና አዳማን እንዳለፍን “መቼ ነው የምንደርሰው?” ተጀመረ። ስልኬን ሰጠኋቸው፤ በስልኩ ተጣሉ። ከጭሮ በላይ ትንሿ አስመለሳት። ባለቤቴ በቀን ካልገባን ብሎ መቆም አይወድም፤ መጨረሻ ላይ ልጆቹ ላይ ጮኸ፣ ከእኔም ጋር ተቀያየምን። እማማ ቤት የገባነው ሁላችንም አኩርፈን ነው። ዘንድሮ “ልጆቹን እህትሽ ጋ ትተን እንሂድ” ይላል። እማማ ደግሞ በደወሉ ቁጥር የሚጠይቁኝ ስለ ልጆቹ ነው። ልጆቼን ሥርዓት ሳላስይዝ ቀርቼ ይሆን? ምን ይሻለኛል?

የሁለት ልጆች እናት፣ ከአዲስ አበባ

ውድ እህቴ፦

ልጆችሽን ይዘሽ ሂጂ። አሳዳጊ የበደላቸው አይደሉም። ወደ 500 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ታስረው ተቀምጠው፣ ምንም ሥራ ሳይሰጣቸው፣ “ዝም በሉ” ብቻ ሲባሉ የትኛውም ልጅ የሚያደርገውን ነው ያደረጉት። እናንተ የምትሄዱት ድሬዳዋ ነው፤ የአራት ዓመት ልጅ ግን ያለችው መኪናው ውስጥ ነው። “ትንሽ ቀረን” ሲሏት ትንሽነቱን የምትለካበት ነገር የላትም።

ስለዚህ መለኪያውን ስጫት። ከመንገዱ በፊት ባለው ማታ ከልጁ ጋር ቁጭ በሉና የከተሞቹን ስም በትልቅ ወረቀት ላይ በተራ ይጻፍ፦ አዳማ፣ ወለንጪቲ፣ መተሐራ፣ አዋሽ፣ ሚኤሶ፣ ጭሮ፣ ሂርና፣ ቁልቢ፣ ደንገጎ፣ ድሬዳዋ። እሱ ማንበብ ስለጀመረ የከተማውን ታፔላ አይቶ የሚናገረው እሱ ይሁን፤ እህቱ ደግሞ በከለር ታጥፋው። “መቼ ነው የምንደርሰው?” ሲሉሽ “ወረቀቱ ምን ይላል?” በያቸው። ሰባት ከተማ ቀረ ማለት ለልጅ ይገባዋል፤ አራት ሰዓት ቀረ ማለት ግን አይገባውም።

እንቆቅልሽ እዚህ ላይ ከማንኛውም መጫወቻ ይበልጥብኛል። መልሱ የጠፋበት “አገር ስጠኝ” ሲባል የሚሰጠው ከዚያው ወረቀት ላይ ያለ ከተማ ይሁን። ወለንጪቲን ያገኘ ወለንጪቲ ስትደርሱ የአገሩ ገዢ እሱ ነው፤ የት እንደሚቆም፣ ምን እንደሚገዛ ይወስን። ጨዋታው ከመንገዱ ጋር ሲያያዝ ልጁ ራሱ ቀጣዩን ከተማ ይናፍቃል። የአያት የቅድመ አያት እንቆቅልሽ ሲያልቅባችሁ ከመስኮት ከሚታየው ፍጠሩ። “ከእኛ ጋር ይሮጣል፣ አይደክመውም፤ ስንቆም ይቆማል” በያቸውና የመኪናውን ጥላ እስኪያገኙት ጠብቂ። ትንሿ የምትፈጥረው መልስ የሌለው ሊሆን ይችላል፤ እሱንም ተሸንፋችሁ አገር ስጧት።

ስልኩን በተመለከተ ፈጽሞ ከልክዪ አልልሽም። ችግሩ የተሰጠበት ቦታ ነው። ከጭሮ በላይ ያስመለሳት ምናልባት ምግቡ ብቻ አይደለም። በጠመዝማዛ መንገድ ላይ ሰውነት መወዛወዙን ጆሯችን ውስጥ ያለው የሚዛን ክፍል ይሰማዋል፤ ዓይን ግን የማይንቀሳቀስ ስክሪን ላይ ተተክሎ ሲቀር ሁለቱ አይስማሙም፣ ያቅለሸልሻል። ከሁለት ዓመት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ያሉ ልጆች ደግሞ ይህ ይበልጥ ይጠናባቸዋል። እንግዲህ መንገዱን ከፋፍዪው። ከአዋሽ እስከ ሚኤሶ ያለው ሜዳ ነው፤ ፊልም ማየት ካለባቸው እዚያ፣ አንድ ፊልም፣ ሁለቱም የሚያዩት፣ ከፊት ወንበር ጀርባ ላይ ታስሮ። በእጅ የሚያዝ ስልክ ከሆነ መጣላታቸው አይቀርም። ተራራው ከጀመረበት ከሚኤሶ ወዲያ፣ ከቁልቢም አልፎ ከደንገጎ እስከ ድሬዳዋ ያለው ቁልቁለት ድረስ ስልኩ ቦርሳ ውስጥ ይግባ፤ ሥዕልም ቀለምም ይቅር። እዚያ ጆሮና አፍ ብቻ ይሥሩ፤ ተረት፣ መዝሙር፣ እንቆቅልሽ። ዓይናቸው ወደ ፊት፣ ራቅ ወዳለው ተራራ ይሁን። መስኮት ትንሽ ክፈቱ። ቅባት የበዛበት ቁርስ አትስጪያቸው፤ ባዶ ሆድም አያዋጣም፤ ዳቦና ሙዝ ይበቃል። ትርፍ ልብስ፣ ፌስታልና እርጥብ ጨርቅ እጅሽ አጠገብ እንጂ ሻንጣ ውስጥ አይሁን። መድኃኒት ካሰብሽ ዕድሜዋንና ክብደቷን ተናግረሽ ሐኪም ወይም ፋርማሲስት አማክሪ።

ስለ ምግብ ካነሳሁ፦ ቆሎና ለውዝ ለትንሿ በመኪና ውስጥ አትስጪ። መኪናው ሲነጥር ጉሮሮ ላይ ይሰነቀራል። በምትቆሙበት ቦታም ልጆቹን “አንድ አፍታ” ብላችሁ ቆልፋችሁ አትውረዱ፤ የመተሐራና የአዋሽ ፀሐይ የቆመ መኪናን በደቂቃዎች ውስጥ ምድጃ ያደርገዋል። ሲያለቅሱም ከፊት ወንበር ጭንሽ ላይ አታስቀምጪያቸው። ብዙ እናት በርኅራኄ የምታደርገው ነው፤ ግጭት ሲመጣ ግን የማንም ክንድ ልጅ ይዞ አያቆምም። ቦታቸው የኋላ ወንበር ነው፤ ትንሿ በልጅ ወንበሯ፣ እሱም ከፍ በሚያደርገው ወንበር ላይ በቀበቶ። ማባበል ካስፈለገ አንቺ ወደ ኋላ ሂጂላቸው።

መንገዱ ራሱ ብዙ የሚያሳየው አለው፤ ግን ቀድሞ የሚነግራቸው ሰው ይፈልጋሉ። ከቱሉ ዲምቱ እስከ አዳማ ባለው ፈጣን መንገድ ላይ እንደልብ መቆም ስለማይቻል፣ መክፈያው ጋ ከመድረሳችሁ በፊት ሽንት ቤት ይሂዱ። አዲስ አበባ ሹራብ ለብሰው የተነሡ ልጆች ከባሕር ወለል 1,000 ሜትር ገደማ ወደሚገኘው አዋሽ ሲወርዱ ይሞቃቸዋል፤ መነጫነጭ የሚመስለው አንዳንዴ ሙቀት ነው። መተሐራ ላይ የበሰቃን ሐይቅ አሳዪያቸው። ሐይቁ በአባቶቻቸው ዕድሜ እየሰፋ መንገዱንና ሐዲዱን የተጋፋ ነው፤ “ሐይቅ እንዴት ያድጋል?” የሚለው ጥያቄ ብቻ እስከ አዋሽ ያደርሳችኋል። ከአጠገቡ ያለው ጥቁር ድንጋይ ከፈንታሌ እሳተ ገሞራ የፈሰሰ ነው። ከዚያ ግመል መቁጠር ይጀመር፤ አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ። አዋሽ ፓርክን ስትሻገሩ ሳላ ያየ ሦስት ግመል ይቆጠርለት።

አሁን ወደ ባለቤትሽ ልምጣ፤ ደብዳቤሽን ሳነብ ልቤ የቀረው እሱ ላይ ነው። የድሬዳዋ ልጅ ነው አልሽኝ። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደርሶ ነው ከተማዋ የተቆረቆረችው፤ ሐዲዱም ከአዳማ ጀምሮ እስከ ሚኤሶ ከመንገዳችሁ ብዙም አይርቅም። ከዚራ ይደግ መጋላ፣ ደቻቱ ሲሞላ ያየውን፣ ስለ ባቡሩ የሰማውን፣ ልጅ ሆኖ የተቀጣበትን ጥፋት ልጆቹ ከእሱ አፍ ሰምተውት ያውቃሉ? ከአዳማ እስከ መተሐራ ያለውን ለእሱ ስጪው። ሲነዳ ማውራት የሚከብደው ከሆነ በምትቆሙበት ይንገራቸው። ልጆቹ የሚሄዱት ወደማያውቁት ሩቅ ቦታ መሆኑ ቀርቶ አባታቸው ወዳደገበት ሰፈር ይሆናል፤ እሱም ልጆቹን እንደ ጭነት ማየቱን ይተዋል ብዬ አምናለሁ።

አነጋግሪው፤ ግን መኪና ውስጥ ሳይሆን ቀደም ብለሽ ቤት። “ጮኸህብን” ብለሽ አትጀምሪ። እሱም የሚጨነቅበት እውነተኛ ምክንያት አለው፤ ያ መንገድ የጅቡቲ ከባድ መኪና የሚበዛበት፣ ማታ ግመልና ከብት የሚሻገርበት ስለሆነ በጨለማ መንዳት የለበትም። ልጆቹ እንዲተኙ ሌሊት እንነሣ ካለም እሺ አትበዪ። ያለው መፍትሔ መንገዱን ለሁለት መክፈል ነው። ኪሳችሁ ከፈቀደ ጭሮ እደሩ፤ ከአዋሽ ይልቅ ቀዝቀዝ ይላል፣ ቀሪውን ተራራም በጠዋት፣ ልጆቹ ሳይደክሙ ትጨርሱታላችሁ። ሐምሌ 19 ለቁልቢ ገብርኤል መንገዱ ስለሚጨናነቅ፣ ለንግሥ የምትሄዱ ካልሆነ ከዚያ ሳምንት ውጭ ያለ ቀን ምረጡ። ማደሩ ካልተቻለ በየሁለት ሰዓቱ ሩብ ሰዓት ያህል ልጆቹ የሚሮጡበትን እረፍት አብራችሁ ወስኑ፤ ሲቆም የሚከራከር እንዳይኖር።

ለእማማም ደውሉና የምትደርሱበትን ሰዓት ከምታስቡት አርቃችሁ ንገሯቸው። ምሳ አቅርበው በር በር እያዩ ነው የሚለው ሐሳብ ነው ሾፌሩን የሚያጣድፈው።