ሞተር አየርን እንዴት ይመዝናል? ስለ አየር ፍሰት ሴንሰርና ስለ ነዳጅ ማካካሻ

አንድ ግራም ቤንዚን በተሟላ ሁኔታ ይቃጠል ዘንድ 14.7 ግራም ያህል አየር ያስፈልገዋል። በካርቡራተር የሚሠራ ሞተር ይህን ምጣኔ በግምት ብቻ ይጠብቅ ነበር። ነዳጅ በኢንጀክተር የሚረጭበት ሞተር ግን ያሰላል፤ የሚገባውን አየር ይመዝናል፣ ለ14.7 ያካፍላል፣ የተገኘውን ያህል ነዳጅ ይረጫል። ስለሆነም መለኪያው ከተሳሳተ ስሌቱ በሙሉ ይሳሳታል። ጉዳዩ ለአገራችን ተግባራዊ ፋይዳ አለው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ፣ ቀደም ሲል የገቡትን መኪኖች ለብዙ ዓመታት እየጠገኑ መጠቀም ግድ ሆኗል። ደህናውን ሴንሰር ተበላሽቷል ብሎ መጣል ደግሞ ኪስ የሚጎዳ ስህተት ነው።

በብዙ መኪኖች ይህን ሚዛን የሚሠራው በአየር ማጣሪያውና በስሮትሉ መካከል ባለው ቱቦ ውስጥ የተቀመጠ የጋለ ቀጭን የፕላቲነም ሽቦ ወይም ስስ ንጣፍ ነው። የሚያልፈው አየር ሽቦውን ያቀዘቅዘዋል። የሽቦው ሬዚስታንስ ከሙቀቱ ጋር ስለሚለዋወጥ፣ ተማሪዎች በቤተ ሙከራ የሚያውቁት የዊትስቶን ድልድይ መቀዝቀዙን ወዲያው ይገነዘብና ሽቦው ወደ ቀድሞው ሙቀቱ እንዲመለስ ተጨማሪ ኤሌክትሪክ ይልካል። ሽቦውን እንደጋለ ለማቆየት የወጣው ኃይል ያለፈውን አየር መጠነ ቁስ ይነግረናል። ሌላ ሁለተኛ አካል የአየሩን ሙቀት ስለሚለካ፣ የጠዋት ብርድና የቀትር ሐሩር ልኬቱን አያዛቡትም።

የጋለ ሽቦ በአየር ፍሰት ውስጥ ሙቀት የሚያጣበትን ሕግ ኪንግ የተባለ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1914 አውጥቶታል። ቮ ቮልቴጁን፣ ፍ ደግሞ ፍሰቱን ቢወክሉ፣ ሕጉ በቀላሉ ሲጻፍ ቮ² = ሀ + ለ√ፍ ይሆናል። ለምሳሌ ያህል ሀ 1፣ ለ ደግሞ 0.6 የሆነበትን ሴንሰር እናስብ። አየር በማያልፍበት ጊዜ 1 ቮልት ያሳያል። ፍሰቱ በሴኮንድ 4 ግራም ሲደርስ 1.48 ቮልት ይሆናል፤ የ0.48 ቮልት ጭማሪ ነው። ፍሰቱ ከ100 ወደ 104 ግራም ሲያድግ ግን፣ የተጨመረው አየር ያው 4 ግራም ሆኖ ሳለ፣ ቮልቴጁ የሚጨምረው በ0.02 ገደማ ብቻ ነው። በከፍተኛ ፍሰት ጊዜ ትንሽ የቮልት ስህተት ብዙ ግራም አየር ይሰውራል ማለት ነው። ሽቦው ላይ የተጋገረ አቧራና ዘይት የሙቀቱን መውጫ ስለሚዘጋም፣ የቆሸሸ ሴንሰር በተለይ ሞተሩ ሲጫን የአየሩን መጠን አሳንሶ ይናገራል።

ኮምፒዩተሩ ስህተቱን የሚደርስበት ከጭሱ ነው። በጭስ ማውጫው ላይ የተተከለው ኦክስጅን ሴንሰር፣ እ.ኤ.አ. በ1976 በቮልቮ መኪና ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ አገልግሎት ላይ የዋለ መሣሪያ ሲሆን፣ ከተቃጠለው ድብልቅ የተረፈ ኦክስጅን መኖሩን ያሳብቃል። ነዳጅ ሲበዛ 0.9 ቮልት፣ ነዳጅ ሲያንስ 0.1 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ኮምፒዩተሩ ይህን እያየ ነዳጁን በመቶኛ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል፤ መካኒኮች ፊውል ትሪም የሚሉት፣ እኛ የነዳጅ ማካካሻ ያልነው ይህ ነው። በየሴኮንዱ የሚዋዥቀው የአጭር ጊዜ ማካካሻ ይባላል። ወደ አንድ ወገን ሲያዘነብል ከቆየ ኮምፒዩተሩ ዝንባሌውን በማስታወሻው ያኖረዋል፤ ይህም የረጅም ጊዜ ማካካሻ ነው። የሁለቱ ድምር ሊጤን ይገባዋል።

ሴንሰሩ በሴኮንድ 10 ግራም አየር አለፈ ቢልና በእውነቱ ያለፈው 11 ግራም ቢሆን፣ ኮምፒዩተሩ በስሌቱ 0.68 ግራም ነዳጅ ይረጫል፤ የሚያስፈልገው ግን 0.75 ግራም ነው። ጉድለቱን ከጭሱ ተረድቶ ቀስ በቀስ 10 በመቶ ይጨምራል። ማካካሻው እንግዲህ የልኬት ስህተት መዝገብ ነው። እውነተኛውን ፍሰት ለማግኘት ንባቡን በ1.10 ማባዛት ይበቃል።

ነገር ግን ስህተቱ በእርግጥ የሴንሰሩ መሆኑን በምን እናውቃለን? ከሴንሰሩ በኋላ ባለ ቱቦ ስንጥቅ በሴኮንድ 0.6 ግራም አየር ሳይለካ ይገባል እንበል። ሞተሩ በሚኒሞ ሲዞር ሴንሰሩ 3 ግራም ካነበበ ማካካሻው +20 በመቶ ይደርሳል። ንባቡ 40 ግራም ሲሆን ያው 0.6 ግራም 1.5 በመቶ ብቻ ነው፤ እንዲያውም ስሮትሉ ሲከፈት የማኒፎልዱ መሳብ ስለሚላላ ከዚያም ያንሳል። የቆሸሸ ሴንሰር ስህተት ግን ፍሰቱ ሲጨምር ይብሳል እንጂ አይጠፋም። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ፣ በአንድ ጋራዥ ሴንሰሯ ሁለት ጊዜ የተቀየረላትን መኪና ተመልክቷል። ማካካሻው በሚኒሞ ከፍ ብሎ፣ ሲነዳ ግን ወደ ዜሮ ይወርድ ነበር። በመጨረሻ የተገኘው ከፍሬን ማገዣው ጋር የሚገናኝ የጎማ ቱቦ ስንጥቅ ነው።

የደከመ የነዳጅ ፓምፕ ከሴንሰሩ ችግር ጋር ይበልጥ ይመሳሰላል፤ እርሱም ጭነት ሲበዛ ማካካሻውን ከፍ ያደርጋልና። ሁለቱን ለመለየት የአየሩን መጠን ራሳችን ማስላት አለብን። 1.6 ሊትር የሆነ ባለ አራት ምት ሞተር በደቂቃ 3000 ጊዜ ሲዞር፣ ስሮትሉ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ የሲሊንደሮቹ አሞላል 80 በመቶ ቢሆን፣ በሴኮንድ 32 ሊትር አየር ይስባል። በባሕር ጠረፍ፣ ሙቀቱ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን፣ ይህ 37 ግራም ያህል ይመዝናል። 2400 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ ግን ግፊቱ 76 ኪሎፓስካል አካባቢ ስለሆነ፣ በ20 ዲግሪ ሙቀት ያው 32 ሊትር የሚመዝነው 29 ግራም ብቻ ነው። የባሕር ጠረፍ ቁጥር የሰፈረበትን መጽሐፍ ይዞ አዲስ አበባ ላይ የሚለካ ሰው ጤነኛውን ሴንሰር 22 በመቶ አጉድሏል ብሎ ይፈርድበታል። አየሩ በእርግጥ ስለሳሳ ሴንሰሩ እውነቱን ነው የተናገረው፤ ማካካሻውም ዜሮ አጠገብ ይቆያል። ንባቡ ከስሌቱ ጋር ተቀራርቦ ሳለ ማካካሻው ከፍ ካለ፣ ወደ ፓምፑና ወደ ነዳጅ ማጣሪያው መሄድ ነው። አሞላሉ ግምት ስለሆነ የ5 በመቶ ልዩነት ሊያስጨንቀን አይገባም።

ስንጥቅና ፓምፕ ከተጣሩ በኋላ ሽቦው በእጅ ሳይነካ ለሴንሰር በተዘጋጀ ማጽጃ ይጸዳል። ይህም ካልበቃ፣ ወይም ሴንሰሩ ወደ ሌላ ቱቦ ከተዛወረ፣ የቮልትና የፍሰት ሰንጠረዡን ማስተካከል ይመጣል። የቱቦው ዲያሜትር በ10 በመቶ ቢሰፋ ስፋቱ በ21 በመቶ ይጨምራል፤ ሴንሰሩ የሚያየው ግን በሽቦው አጠገብ የሚያልፈውን ብቻ ስለሆነ ሰንጠረዡ በሙሉ በ1.21 ይባዛል። ለቀሪው ስህተት ሞተሩ በደንብ ይሞቅና በተለያየ ፍጥነት ሳይዋዥቅ እየተነዳ በየቮልቱ የታየው የማካካሻ ድምር ይመዘገባል። ማካካሻው +8 በመቶ የታየበት የሰንጠረዥ ቁጥር በ1.08 ይባዛል። አንድን ነጥብ ብቻ ነጥሎ ማንሳት ኪንግ ባሳየው ለስላሳ ኩርባ ላይ ጉብታ ስለሚፈጥር ጎረቤቶቹም አብረው ይስተካከላሉ። ስሮትሉ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ብዙ ኮምፒዩተሮች ኦክስጅን ሴንሰሩን መስማት ስለሚያቆሙ፣ በዚያ ጊዜ የታየ ማካካሻ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ከዚያ የኮምፒዩተሩ ማስታወሻ ተሰርዞ ልኬቱ እንደገና ይደገማል። ዜሮን በትክክል ማግኘት አይጠበቅም። ቤንዚን ውስጥ 5 በመቶ ኤታኖል ቢቀላቀል እንኳ ማካካሻው በ2 በመቶ ያህል ከፍ ይላል፤ ይህን በሴንሰሩ ሰንጠረዥ ላይ ማረም ሌላ ስህተት መጻፍ ይሆናል።