ምክንያትንና ውጤትን ማያያዝ

የአንድ ነገር ምክንያት በስሕተት ከተነገረ መፍትሔውም ይሳሳታል። የሚከተለውን አንቀጽ በጥሞና አንብቡ።

በቱም አንድ ቤት ቡና ተፈልቷል እንበል። አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው ሁሉ በስኳር ይጠጣል። ከጠጪዎቹ አንዱ ጥርሱ ተቦርቡሮ ያመዋል፤ ሰዎችም «ትል በላው» ይላሉ። ይሁን እንጂ ጥርስን የሚበላ ትል የለም። ጥፋቱ የሚጀምረው በዐይን ከማይታዩ ባክቴሪያዎች ነው። እነዚህ በጥርስ ላይ ተለጥፈው ልጋግ መሰል ስስ ሽፋን ይሠራሉ፤ ስኳር ሲያገኙም ወደ አሲድ ይለውጡታል። አሲዱ የጥርሱን ማዕድን ስለሚያሟሟ ጥርሱ ይቦረቦራል። ምራቅ የአሲዱን ኃይል ቢያደክምም ጊዜ ያስፈልገዋል፤ ስኳር በተደጋገመ ቁጥር ግን ፋታ ያጣል። ማርም ስኳር ስላለው እንዲሁ ነው። በመሆኑም ጥርስን የሚያድነው ትል ማስወጣት ሳይሆን፣ ጣፋጭ አለማዘውተርና ሽፋኑን በመፋቂያ ወይም በብሩሽና በጥርስ ሳሙና በየዕለቱ ማጽዳት ነው። ቀድሞ የተቦረቦረውን ግን ሐኪም ሊያየው ይገባል።

መልመጃ

ሀ. ምክንያትን ከውጤት ጋር ያያያዙትን ቃላት ከአንቀጹ አውጡ።

ለ. «ትል በላው» የሚለውን ሰው የሚያሳምን አንድ አንቀጽ ጻፉ፤ «ስለዚህ» እና «በመሆኑም» የሚሉትን ቃላት ተጠቀሙ።