ናዳ ከመውረዱ በፊት በቤትና በእድር ሊደረግ የሚገባው ዝግጅት



ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል፣ በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ በኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ የደረሰውን የመሬት መንሸራተት ሁላችንም በጥልቅ ኀዘን ሰምተናል። ከ200 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል፤ በመላ አገሪቱም የ3 ቀን ኀዘን ታውጆ ነበር። በዚያው ክረምት በወላይታ ዞን በኪንዶ ዲዳዬ ወረዳም ናዳ የሰው ሕይወት ቀጥፏል። ይህን የምናነሣው ያለፈውን ኀዘን ለመቀስቀስ ሳይሆን፣ በጎፋ ከሆነው ነገር ውስጥ በተራራማ አገር የሚኖር ቤተ ሰብ ሁሉ አስቀድሞ ሊመክርበት የሚገባ አንድ ጉዳይ ስላለ ነው።

ከሞቱት ወገኖቻችን ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩት አልነበሩም። ከከባድ ዝናብ በኋላ መጀመሪያ የተናደው መሬት ጥቂት ቤቶችን ዋጠ። ጩኸት ሲሰማ የአካባቢው ሰው ተጠራርቶ መጣ፤ የቀበሌው አስተዳዳሪ፣ መምህራን፣ የጤናና የግብርና ባለሙያዎች ሳይቀሩ ለእርዳታ ደረሱ። በዶማ፣ በአካፋና በባዶ እጅ የተቀበሩትን ለማውጣት ሲቆፍሩ ሁለተኛው ናዳ ከላይ ወርዶ በላያቸው ተከመረ። እነዚህን ሰዎች ወደዚያ የወሰዳቸው ፍቅር ነው፤ በሞኝነት ሊነቅፋቸው የሚደፍር ቢኖር እኛ አንተባበረውም። ነገር ግን ከመጀመሪያው ናዳ በኋላ ምን እንደሚከተል አስቀድሞ የነገራቸው ቢኖር ኖሮ፣ ፍቅራቸው ሳይቀንስ አካሄዳቸው ሌላ በሆነ ነበር።

ለመሆኑ ሁለተኛው ናዳ ለምን ይመጣል? ቤት መርጎ የሚያውቅ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። በልኩ የራሰ ጭቃ በግድግዳው ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ ውኃ የበዛበት ጭቃ ግን በገዛ ክብደቱ ተንሸራቶ ይወርዳል። የተራራው አፈርም እንዲሁ ነው። ዝናቡ ቀን ከሌት ሲጥል ውኃው በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ይሞላል፤ አፈሩ ይከብዳል፣ እርስ በርሱ መያያዙም ይላላል። ከሥር ጠንካራ ዐለት ካለ ደግሞ ውኃው ወደ ታች መዝለቅ ስለሚያቅተው በዐለቱና በአፈሩ መካከል ይጠራቀማል። የታችኛው ክፍል ከተናደ በኋላ እርሱን ተደግፎ የነበረው የላይኛው መሬት ያለ ድጋፍ ይቀራል፤ የእህል ክምር ከሥሩ ሲዛቅ ከላይ ያለው እየተንኮታኮተ እንደሚወርድ ማለት ነው። ዝናቡ ቢያባራና ፀሐይ ብትወጣ እንኳ በአፈሩ ውስጥ የገባው ውኃ ገና አልወጣምና፣ ሰማዩ ጠራ ብሎ መሬቱን ማመን አይገባም።

የሰው እጅም ለዚህ ያግዛል። ለቤት መደልደያ ወይም ለመንገድ ተብሎ የዳገቱ ሥር ሲቆረጥ፣ ሥራቸው ጠልቆ የሚሄድ የአገር ዛፎች ሲመነጠሩ፣ የጎርፍ ቦይ ወደ ዳገቱ አናት ሲለቀቅ አደጋው ይጨምራል። እንሰትና በቆሎ ላይኛውን አፈር ቢይዙም ሥራቸው ጥልቁን መሬት አይደርስም። ይህን ስንል ግን መሬት የጠበበበት ገበሬ በገደል አፋፍ ላይ ጎጆ የሚቀልሰው ወዶ እንዳልሆነ እናውቃለን። «ለምን አትነሣም?» ማለት ለተናጋሪው ይቀላል፤ መነሻ የሌለው ሰው ግን ቢያንስ መሸሻ ሊኖረው ይገባል።

መሬት አብዛኛውን ጊዜ ከመናዱ በፊት ምልክት ይሰጣል። ከቤት በላይ ባለው ዳገት ላይ አዲስ ስንጥቅ ሲታይ፣ የአጥር እንጨትና ዛፍ ሲያዘነብሉ፣ ደኅና ይዘጋ የነበረው በር ከመቃኑ አልገጥም ሲል፣ ውኃ ባልነበረበት ቦታ ምንጭ ሲፈልቅ ወይም የጠራው ምንጭ በድንገት ሲደፈርስ ቤተ ሰቡ በዚያ ቤት ማደር የለበትም። በከባድ ዝናብ መካከል የወንዙ ውኃ በድንገት ከጎደለ ደግሞ ናዳ በላይ በኩል ገድቦት ሊሆን ይችላል፤ ግድቡ ሲጣስ በወንዙ ዳር ያለውን ሁሉ ጠራርጎ ይወስዳል።

ስለዚህ ክረምቱ ሳይገባ ባልና ሚስት ከልጆቻቸው ጋር ተቀምጠው ይመካከሩ። ሽሽቱ ቁልቁል የናዳውን አቅጣጫ ተከትሎ መሆን የለበትም፤ ወደ ጎን፣ ከሸለቆውና ከውኃ መውረጃው ወጥቶ ወደ ጸናው ከፍ ያለ ቦታ ነው። ሕፃኑን ማን ይሸከማል? አያትን ማን ይደግፋል? በሌሊት የትኛው መንገድ ይታያል? ይህ ሁሉ በቀን፣ በእግር ተሄዶ ይሞከር። ለአዳር የሚቀበላቸውም ዘመድ ወይም ጎረቤት አስቀድሞ ይለመን። የመሬት ይዞታ ደብተር፣ የልጆች የክትባት ካርድና ጥቂት ገንዘብ ውኃ በማያስገባ ላስቲክ ተጠቅልለው ከእጅ ባትሪና ከቆሎ ጋር በአንድ ከረጢት በበሩ አጠገብ ይንጠልጠሉ። ጊዜ ከተገኘ ከብቶቹ ከማሰሪያቸው ይፈቱ፤ ለእነርሱ ሲባል ግን ማንም ወደ ቤት አይመለስ።

የሚቀረው የእድር ድርሻ ነው። እድሮቻችን ለቀብር የተደራጁ ናቸው፤ ድንኳን፣ ዕቃ፣ ጡሩምባ ነፊ አላቸው። ያው ጡሩምባ ሰው ከመሞቱ በፊትም ሊነፋ ይችላል። ናዳ በወረደ ጊዜ ወደ ስፍራው ከመገባቱ አስቀድሞ ዳገቱን የሚያይ ጠባቂ በአስተማማኝ ቦታ ይቁም፤ ፊቱም ዘወትር ወደ ላይ ይሁን። የሚቆፍሩት ጥቂቶች ሆነው እየተፈራረቁ ይግቡ፤ ስማቸውም ሲገቡና ሲወጡ ይቈጠር። የቀረው ሕዝብ ከናዳው መስመር ወጥቶ ይጠብቅ። ከላይ ስንጥቅ ከታየ ወይም አፈር መርገፍ ከጀመረ ጡሩምባው ይነፋ፤ የሰማ ሁሉ መሣሪያውን ጥሎ ወደ ጎን ይውጣ።

ይህ ትእዛዝ ከባድ መሆኑን አንሰውርም። ልጁ ከአፈር በታች ያለ አባት «ቁም» ቢሉት አይሰማም፤ ከተቀበሩትም መካከል በሕይወት ያለ ሊኖር ስለሚችል እያንዳንዷ ደቂቃ ዋጋ አላት። ስለዚህም ነው ውሳኔው በዚያች ሰዓት ለሚያለቅሰው ሰው መተው የሌለበት። «ግቡ» ወይም «ውጡ» የሚለው ሽማግሌ በሰላሙ ጊዜ ተመርጦ፣ ቃሉ እንደሚከበር አባላቱ ሁሉ የተስማሙበት መሆን አለበት። እርሱ ባይኖር የሚተካውም አብሮ ይመረጥ።

በብዙ የደቡብ ደጋዎች የበልጉ ዝናብ ከመጋቢት ጀምሮ ስለሚጥል ሐምሌ ሲደርስ መሬቱ አስቀድሞ የራሰ ነው። እንግዲህ በየቁምስናው ያሉ እድሮች ከየካቲት ስብሰባቸው በአንዱ ጠባቂውንና ሽማግሌውን ይምረጡ። ጡሩምባ ነፊውም ከቀብሩ ጥሪ የተለየ ሌላ አነፋፍ አበጅቶ በዚያው ቀን ለመንደሩ ያሰማ፤ ሕፃናቱም ሁለቱን ድምፆች ለይተው እንዲያውቁ ደጋግሞ ይንፋላቸው።