ስናገባ እንጠይቃለን፣ ስንመርጥስ?

ውድ አንባብያን፣ በዚህ ዐምድ ስለ ምርጫና ስለ ትዳር በአንድ ላይ ለመጻፍ መነሣቴ የሚያስገርማችሁ ትኖሩ ይሆናል። አንዱ የአደባባይ፣ ሌላው የጓዳ ጉዳይ ነውና። እኔንም ሁለቱን እንዳገናኝ ያስገደደኝ ባለፈው ኅዳር ወረታ ላይ የተቀመጥኩበት አንድ ሽምግልና ነው።

ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አስፋልት ላይ፣ የደብረ ታቦሩ መንገድ የሚገነጠልባት ከተማ ናት። ከከተማዋ ወጣ ሲሉ የፎገራ ሜዳ እስከ ጣና ይዘረጋል። ርብና ጉማራ ክረምት በመጣ ቁጥር የሚያጥለቀልቁት ይህ ሜዳ ድሮ የሚታወቀው በፎገራ ከብቱ ነበር። ሩዝ የገባው በ1970ዎቹ ሲሆን መጀመሪያ የተሞከረውም በጅግናና በሻጋ የገበሬ ማኅበራት ነው። ዛሬ ገበሬው ሩዙን ከጤፍ ቀላቅሎ እንጀራ ይጋግራል፤ የቀረውን ወረታ አስፈልፍሎ ይሸጣል። የጎንደር ሙስሊም በቀድሞው ሥርዓት በአብዛኛው ርስት ያልነበረው፣ በንግድና በሽመና ይኖር የነበረ መሆኑን አንባቢ ያውቃል። ለብዙዎቹ የመሬትን በር የከፈተው የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ነው። ስለዚህ በእኛ ቤተሰብ አንድ ጥማድ የሩዝ ማሳ ተራ ነገር አይደለም። በአማራ ክልል ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የሚሰጠው የይዞታ ደብተር ደግሞ የባልና የሚስትን ስምና ፎቶግራፍ ጎን ለጎን የያዘ ነው። ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም።

የአጎቴ ልጅ ባለ ትዳርና የሦስት ልጆች አባት ነው። ሩዙ እንደተሰበሰበ ሚስቱን ሳያማክር ግማሹን በርካሽ ሸጦ ዕዳ ከፈለ። እርስዋም በእናቱ ፊት የማይባል ነገር ተናገረችው። እርሱም ሰው በተሰበሰበበት “ፈትቼሻለሁ” አላት። ፀሐይ ሳትጠልቅ ትንሹን ልጅ አቅፋ በባጃጅ ወደ አባትዋ ቤት ሄደች። በሦስተኛው ቀን ሽማግሌ ሲቀመጥ እኔም “የተማረ” ነው ተብዬ ከዳር ተቀመጥኩ።

አንድ ሸህ ነበሩ፤ ረጅም ንግግር የማይወዱ። “ስንት ጊዜ አልካት?” አሉት።

“አንድ ጊዜ፣ ሸሁ።”

“ታዲያ ከቤትዋ ማን አስወጣት?”

የአጎቴ ልጅ መሬት መሬት አየ። እውነቱን ለመናገር እኔም አብሬው አየሁ፤ ጥያቄው አዲስ ነበር የሆነብኝ። በሱረቱ ጦላቅ መጀመሪያ ላይ አላህ (ሱ.ወ) የተፈታችው ሴት ዒዳዋን ሳትጨርስ ከቤትዋ እንዳትወጣ ማዘዙን፣ እርሱ የሚያውቀው አዲስ ነገር ከዚያ በኋላ ሊመጣ እንደሚችልም ማመልከቱን አንብቤ አልፌዋለሁ። በአገራችን ግን የተፈታች ሴት ሻንጣዋን ይዛ ስትወጣ ማየት ከመለመዳችን የተነሣ ሸሪዓው ይህን የሚፈቅድ እስኪመስለን ደርሰናል። ሦስቱ የወር አበባ ወራት የተሰጡት በአንድ ጣሪያ ሥር ሆኖ ለማሰብ ነው። በሱረቱ ኒሳእ ከእርሱም ከእርስዋም ወገን አንድ አንድ አስታራቂ እንዲመረጥ የታዘዘውም ለዚሁ ነው። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ፍርድ ቤት ለሚለያዩ ባልና ሚስት እስከ ሦስት ወር የማሰቢያ ጊዜ ሊሰጥ ይችላል ማለቱን ባስታወስኩ ቁጥር ይገርመኛል።

ጉባኤው በዚህ ሊበተን ሲል የመሬቱ ነገር ተነሣ። የአጎቴ ልጅ ንዴቱ አልበረደም ነበርና “መሬቱን እንደሆነ ኮሚቴው ያውቃል፤ ኮሚቴው የኛው ሰው ነው” አለ። በክልሉ የገጠር ቀበሌዎች የመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴ የሚባለውን ነዋሪው ነው የሚመርጠው። ከአዛውንቶቹ አንዱ “ለመሆኑ ይህን ሰው ማን መረጠው?” ብለው ጠየቁ። ማንም አልመለሰም። ከመጋረጃው ጀርባ የሚስትዮዋ ድምፅ መጣ፦ “እኔም መርጬዋለሁ። ሰው ሁሉ እጁን ሲያወጣ አወጣሁ።”

ውድ አንባብያን፣ ከዚያ ጉባኤ ይዤ የተመለስኩት ይህንን ነው። ደብተሩ ላይ ፎቶግራፍዋ አለ፤ አንድ ሰው ብቻውን አይፍቀውም። ነገር ግን ደብተሩን የሚጠብቅላትን ሰው ማንነቱን ሳትጠይቅ የሾመችው እርስዋው ናት። ባልዋም ሚዛናዊ ዳኛ ሳይሆን “የኛ ሰው” ነው የመረጠው።

እኛስ? በሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ እስከ ምሽት ተሰልፈን ድምፅ ሰጥተናል። ቤት ስገባ ባለቤቴ ማንን እንደመረጥኩ ሳይሆን ለምን እንደመረጥኩ ጠየቀችኝ። የተወዳዳሪውን ምልክት እንጂ ስሙን እንኳ በቅጡ አልያዝኩትም ነበር። “እኔን ለማግባት ደሴ ድረስ ሰው ልከህ እስከ ጎረቤት አስጠይቀሃል” አለችኝ። ስቄ አለፍኩት። አሁን አያስቀኝም።

ድምፅ መስጠት በዲናችን ሚዛን ሲመዘን ሸሃዳ፣ ማለትም ምስክርነት ነው። አንድን ሰው ስንመርጥ “ይህ ሰው ለዚህ አማና ይበቃል” ብለን እየመሰከርን ነው። ቁርኣን ደግሞ በወላጅና በዘመድ ላይ ቢሆን እንኳ ለፍትሕ መስካሪ መሆንን ያዛል። ዑመር (ረ.ዐ) ቆስለው ሳሉ ጉዳዩን ለስድስት ሰሐቦች ሲተዉ ከስድስቱ አንዱ ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ መጀመሪያ ራሳቸውን ከእጩነት አወጡ። ከዚያም ሦስት ቀንና ሌሊት የመዲናን ሰው ሲጠይቁ እንደቆዩ፣ ሴቶችንም ሳይቀር እንዳማከሩ የታሪክ ጸሐፊዎች ዘግበዋል። እንቅልፍ ያልተኙት ዑስማንንና ዐሊይን ስለማያውቁ አይደለም። ሁለቱን ከማንም በላይ ያውቋቸው ነበር።

“ብንጠይቅም ባንጠይቅም ውጤቱ ያው ነው” የሚል ወንድም ይኖራል። አባባሉን በንቀት የማልፈው አይደለም። በ2007 ዓ.ም. 547ቱም የፓርላማ መቀመጫዎች በአንድ ግንባርና በአጋሮቹ የተያዙባት አገር ናትና። የእኛው የመጅሊስ ምርጫ በ2005 ዓ.ም. መስከረም በየቀበሌው ሲካሄድ በመስጊድ ይሁንልን ብለው “ድምፃችን ይሰማ” ያሉትም ከዚሁ የተነሡ ነበሩ። መልሱን ከኒካሕ ሕግ ላምጣው። ኸንሳእ ቢንት ኺዛም (ረ.ዐ) ባልዋን ያጣች ሴት ስትሆን አባትዋ ሳትወድ ዳራት፤ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አቤት ስትል ጋብቻው ፈረሰ። ያልተስማማችበትን ዝም ብትል ኖሮ ማን ያውቅላት ነበር? የልጃገረድ ዝምታ ፈቃድ ነው የሚለውም ቢሆን ተጠይቃ ዝም ስትል ነው፤ ዑለማዎች ለቅሶዋ የእምቢታ ምልክት እንዳይሆን እንዲታይ ያሳስባሉ። ስለዚህ ሳንጠየቅ ስንቀር አልተጠየቅንም ማለት፣ ስንጠየቅ ደግሞ አውቀን መመለስ ይገባናል። ሁለተኛውን ሳንለምድ የመጀመሪያውን ብቻ መጮኽ ግን የኮሚቴውን ዕለት እጅ ከማውጣት አያድንም።

ከምርጫው በኋላ ያለው ነገር የባሰ ነው። የፎገራ ገበሬ ኤክስ-ጅግና የሚባለውን ዘር ለብዙ ዓመታት ያልተወው መርምሮ ስለወደደው ነው። ግን ዘርቶ ቤቱ አይቀመጥም፤ ሐምሌና ነሐሴን ጉልበቱ ድረስ ውኃ ውስጥ ቆሞ ሩዙን ሲያርም ይከርማል። እኛ ግን በትዳር ደግሰን አግብተን፣ ካገባን በኋላ ግማሽ ሩዝ ስንሸጥ እንኳ አናማክርም። በምርጫም ጣታችንን ቀለም አስነክተን ከወጣን በኋላ የመረጥነው ሰው ምን እንደሠራ የምንጠይቀው መብራት ሲጠፋ ብቻ ነው። የቀበሌ ስብሰባ ሲጠራ “ሥራ አለብኝ” እንላለን። የትዳሩንም ሽምግልና እንዲሁ።

አንድ ነገር ሳልናገር ብቀር እበድላለሁ። በትዳር መጽናት ሲባል ሴትዮዋ ብቻዋን ትታገሥ ማለት የሚመስላቸው አሉ። ቁርኣን ጋብቻን ጽኑ ቃል ኪዳን ሲለው ቃሉን የተቀበሉት ሚስቶች መሆናቸውን ልብ ይሏል፤ ንግግሩ ለወንዶች ነው። በሪራ (ረ.ዐ) ከባርነት ነጻ ወጥታ ከሙጊስ ጋር የመኖር ወይም የመለየት ምርጫ በተሰጣት ጊዜ መለየትን መረጠች። እርሱ በመዲና መንገድ እያለቀሰ ይከተላት ስለነበር ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ብትመለስ ምን አለበት አሏት። ትእዛዝ መሆኑን ስትጠይቃቸው አማላጅ ብቻ መሆናቸውን ነገሯት፤ እርስዋም አልፈልገውም አለች፤ አላስገደዷትም። ነቢይ ያላስገደደውን የአጎቴ ልጅና ሽማግሌዎቹ የሚያስገድዱበት ምን ሥልጣን አላቸው? ሸሁም ይህን ስለሚያውቁ ወደ ቤትዋ እንድትመለስ ያደረጉት “ታረቂ” ብለው ሳይሆን “ቤቱ ያንቺ ነው፤ ዒዳሽን እዚያው ቁጠሪ” ብለው ነው። የአጎቴ ልጅ ለአንድ ወር ያህል እናቱ ቤት እያደረ ጠዋት ጠዋት ከብቶቹን ለማየት ይመጣ እንደነበር ሰምቻለሁ።

ከአዲስ አበባ ስልክ ደወልኩለት። “መለስካት?” አልኩት። “ገና ነው” አለኝ። ቀጥሎ ሳልጠይቀው ቀበሌው ለመሬት ኮሚቴ አዲስ ምርጫ ሊያደርግ መሆኑን ነገረኝ።

“ማንን ልትመርጡ ነው?”

ጥቂት ዝም አለ። “እኔ እንኳ ያንኑ ሰው ብዬ ነበር” አለኝ። “እርስዋ ግን ሦስት ቀንዋ ነው፣ ከቤት ቤት እየዞረች ሰው ትጠይቃለች።”