«አላውቅም» የማይል ጸሐፊ

ባለፈው ክረምት የነዋሪነት መታወቂያዬን ላሳድስ ሄጄ መስኮቱ ላይ የነበረችው ሠራተኛ «ይሄን እኔ አላውቅም፣ ኃላፊዋን ጠይቅ» አለችኝ። ያን ቀን ተናድጄ ነበር የወጣሁት። ዛሬ ሳስበው ግን ልጅቷ ሥራዋን ታውቃለች።

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2023 የኒው ዮርክ ከተማ አስተዳደር የነጋዴዎችን ጥያቄ የሚመልስ ቻትቦት ሥራ አስጀመረ። በማርች 2024 ዘ ማርክአፕ የተባለው የዜና ተቋም ፈተነው። አከራይ በመንግሥት የኪራይ ድጎማ የሚከፍል ተከራይን መቀበል አለበት ወይ ሲባል «አይገደድም» አለ፤ በከተማው ሕግ ግን በዚህ ምክንያት ተከራይን መመለስ ክልክል ነው። አሠሪ ከሠራተኛው ጉርሻ መውሰድ ይችላል አለ። አይችልም። ሱቅ ጥሬ ገንዘብ አልቀበልም ማለት ይችላልም አለ፤ ይህም ከ2020 ጀምሮ የተከለከለ ነው።

እዚህ ላይ ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ትልቅ ትምህርት አለ። ጋዜጠኞቹ ምንም ረቂቅ ነገር አልሠሩም፤ መልሱን አስቀድመው የሚያውቁትን ጥያቄ ጠየቁ፣ በቃ።

ለምን ተሳሳተ? የቋንቋ ሞዴል ካነበበው እጅግ ብዙ ጽሑፍ ተነስቶ ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል ይገምታል። ስለዚህ ሲያውቅም ሲሳሳትም አነጋገሩ ያው ነው፣ አይንተባተብም። ሕጉን ከፊቱ አቅርቦ አንቀጹን እየጠቀሰ እንዲመልስ ማድረግ ይረዳል፤ ሆኖም የኒው ዮርኩም ከከተማው ድረ ገጾች እንዲመልስ የተሠራ ነበር። እንግዲህ የሚቀረው ሕግ አዋቂዎች ከመለቀቁ በፊትም በኋላም ደጋግመው እንዲፈትኑት፣ እርግጠኛ ካልሆነም ጉዳዩን ለሰው እንዲያስተላልፍ ማድረግ ነው። ኒው ዮርክ ማስጠንቀቂያ ጨምራ አገልግሎቱን ቀጠለች። ጉርሻውን ለተነጠቀ አስተናጋጅ ግን ማስጠንቀቂያ ምን ያደርግለታል?

ወደ እኛ ስንመጣ ሌላ ችግር አለ። በአዋጅ ቁጥር 3/1987 መሠረት በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ የአማርኛውና የእንግሊዝኛው ቅጂ ከተለያዩ የሚጸናው አማርኛው ነው። ሞዴሎቹ ደግሞ በብዛት የተማሩት በእንግሊዝኛ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ገዝቶ በእንግሊዝኛ ብቻ ፈትኖ «ይሠራል» ቢለን ማመን የለብንም።

ለዚህም አንድ ሐሳብ አለኝ። ስለ ኪራይ፣ ስለ ደመወዝ፣ ስለ ዓመት ፈቃድ አንድ ሃያ ጥያቄ በአማርኛ እናዘጋጅ፣ መልሱንም ከነአንቀጹ ከነጋሪት ጋዜጣ ቀድተን እናስቀምጥ። የመጀመሪያውን አምስት እኔ ጀምሬዋለሁ፤ የሚያግዘኝ ካለ ሐሙስ ከሰዓት ቤተ መጻሕፍት አለሁ።