የወይን ጠጅ ቀምሶ ስለ መፍረድ

ባለፈው ቅዳሜ ማታ ኮልፌ ቀራንዮ ከአንድ ጓደኛችን ቤት አምስት ሆነን ተሰብስበን ነበር። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ጠርሙስ ቀይ ወይን ጠጅ ቆሟል፤ አንዱ የጓደኛችን አጎት ከፈረንሳይ ያመጡት የ10 ዓመት ወይን፣ ሁለተኛው እዚሁ አዲስ አበባ የሚሠራው ጉደር ነው። ገና ሳይከፈቱ ሁላችንም ለፈረንሳዩ ፈረድንለት። ይህ ግን የዐይን ፍርድ እንጂ የምላስ አልነበረም።

ስለዚህ ሁለቱንም በጋዜጣ አስጠቅልለን እንደ ገና ጀመርን። የአመዛዘኑ ሥርዓት እንደሚከተለው ነው።

1ኛ/ መልኩን ማየት። ቀይ ወይን ሲቆይ ሐምራዊነቱ ይለቅና ወደ ሸክላ መልክ ያደላል፤ አተላም ያዘቅጣል።

2ኛ/ ብርጭቆውን አዙሮ ማሽተት።

3ኛ/ ጥቂት ተጎንጭቶ በአፍ ማመላለስ። እንደ ወፍራም ሻይ አፍን የሚያደርቀው ጠባዩ በዕድሜ ይለሰልሳል።

4ኛ/ ከጓደኛ ሳይመካከሩ ከ20 ነጥብ መስጠት።

ጋዜጣው ሲገለጥ ሁለታችን ለጉደር አብልጠን ሰጥተን ተገኘን። አንዱ እኔ ነበርሁ፤ አፈርሁም። በኋላ ግን ያሳሰበኝ ነጥቡ ሳይሆን ሐፍረቱ ነው። ሰው በገዛ ምላሱ ስለ ምን ያፍራል?

እ.ኤ.አ. በ1976 ፓሪስ ላይ ስመ ጥር የፈረንሳይ ቀማሾች፣ ስሙ ተሸፍኖባቸው፣ ለካሊፎርኒያ ቀይ ወይን ከቦርዶዎቹ አብልጠው ነጥብ ሰጥተዋል። እነርሱ ከተሳሳቱ የእኛ አያስደንቅም፤ ካልተሳሳቱም የእኛን ምላስ እንመነው።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ የደራሲው ስም ተሸፍኖ መጽሐፍ ቢሰጠን ፍርዳችን ምን ይሆን?